ከአዳማ ወደ ሀዋሳ፦ የዲሲፕሊን ጉዳይ ያላለቀለት የ8ኛ ክፍል ተማሪ መሸኛ

ጥያቄ (የተማሪ እናት)
ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ወደ ሀዋሳ ስለተዛወረ ቤተሰባችን በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ቤት ተከራይቷል። ልጄ የ8ኛ ክፍልን የመጀመሪያ መንፈቅ ዓመት የተማረው አዳማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ከክፍል ጓደኛው ጋር ተደባድቦ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርቧል፤ በዚያው ቀን አንድ መምህር አንበርክኮ በጎማ ገርፎታል። መሸኛ ስንጠይቅ «ጉዳዩ ሳይቋጭ አንሰጥም» ተባልን፤ ውሳኔ ግን በጽሑፍ አልደረሰንም። የሀዋሳው ትምህርት ቤት ደግሞ ያለ መሸኛ አልመዘግብም ብሏል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ (የቀድሞ ዩኒት ሊደር)
እህቴ፣ መሸኛ መከልከል ቅጣት መሆን የለበትም፤ ትምህርት ቤቱ ግን የተጀመረ ጉዳይ እንዲዘጋ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ስለዚህ ባለቤትዎ ወይም ሌላ ዘመድ በአካል ቀርቦ ኮሚቴው በአስቸኳይ እንዲሰበሰብና ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ አስፍሮ ቅጂ እንዲሰጣችሁ በጽሑፍ ያመልክት። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፤ በቃል የተጠየቀ ነገር በቃል ይረሳል። መልስ ካጣችሁ ወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት)፣ ቀጥሎም ትምህርት ቤቱ ያለበት የአዳማ ክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ።

መልስ (የሁለት ተማሪዎች አባት)
እኔ በዚህ መንገድ መሄድን አልመክርም። ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ይጋመሳል። ጥፋቱን አምናችሁ ማስጠንቀቂያውን ፈርሙና መሸኛውን ተቀበሉ፤ ካርዱ ላይ ጠባዩ «ሐ» ቢባል እንኳ ልጁ ከሚቀርበት ትምህርት አይበልጥም።

መልስ (የቀድሞ ዩኒት ሊደር)
መፈረሙ ባይከፋም፣ የሚፈረመው ወረቀት ምን እንደሚል ሳይነበብ መሆን የለበትም። «ከትምህርት ቤት ተሰናብቷል» እና «በማስጠንቀቂያ ታልፏል» የሚሉት ቃላት በተቀባዩ ትምህርት ቤት እኩል አይታዩም።

መልስ (መምህርት፣ ሀዋሳ)
በእኛ በኩል ከድብድቡ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያስመልሰው የሰነዱ ጉድለት ነው። ማኅተሙ ግማሹ ፎቶግራፉ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ማረፉን ይመልከቱ፤ ስሙ እስከ አያት ድረስ ከልደት ካርዱ ጋር አንድ ይሁን። መጻሕፍቱን አስረክቦ ክሊራንስ መጨረሱንም ያረጋግጡ፤ በአንድ ያልተመለሰ የሒሳብ መጽሐፍ የቆየ መሸኛ አይቻለሁ። ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ብቻ ከተጻፈ የተረጋገጠ ትርጉም ቢያያይዙ መመላለስ ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ግን የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው በክልል ደረጃ ነው። ልጁ በኦሮሚያ ለፈተና ተመዝግቦ ከሆነ፣ ሲዳማ ክልል ላይ ለመፈተን ምዝገባው እንዴት እንደሚስተካከል ቤት ሳትከራዩ በፊት መጠየቅ ነበረበት፤ አሁንም ቢሆን ነገ ጠዋት ይጠይቁ።

መልስ (የሕግ ባለሙያ)
ግርፋቱን ከድብድቡ ጋር አያቀላቅሉት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ ልጁ ጥፋተኛ መሆኑ መምህሩን አያነጻም። አቤቱታውን በተለየ ወረቀት፣ ቀኑንና የተመታበትን ሁኔታ ገልጸው ለርዕሰ መምህሩ ያቅርቡ። መሸኛ ለማግኘት ሲባል አቤቱታውን ተዉ ከተባላችሁ፣ ያን አባባል ራሱን ለጽሕፈት ቤቱ ጻፉ።

ጠያቂዋ
አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ሰኞ ሁለቱንም ማመልከቻ ይዞ አዳማ ይወርዳል፤ እኔ ደግሞ ስለ ፈተናው ምዝገባ እዚህ እጠይቃለሁ።