ቆጣሪው የቤቴን ውሎ ለአከራዬ እየነገረብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለእናንተ። ጅማ፣ ጅሬን መውጫ አካባቢ ተከራይቼ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። አከራያችን ከሦስት ወር በፊት ለየቤታችን ለብቻ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ አስገቡልን። የሂሳብ ጭቅጭቅ ስለቀረ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ቆጣሪው ሲም ካርድ አለው፤ የምጠቀመውን በየ15 ደቂቃው ወደ ስልካቸው ይልካል።

ባለፈው ሳምንት በር ላይ አግኝተውኝ «ትናንት ሌሊት ስምንት ሰዓት ምን ስትሠሪ ነበር?» አሉኝ። ልጄን አሞት ውሃ እያፈላሁ ነበር። ስልካቸውን አውጥተው የአጠቃቀሜን ግራፍ አሳዩኝ። ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ የጋገርኩበት ሰዓት እንደ ተራራ ጉብ ብሏል፤ ምጣድ ብዙ ይስባል። ለቅሶ ሄጄ ቤቱ ባዶ የዋለበት ቀን ደግሞ ዝርግ መስመር ነው። ደነገጥኩ። ያ ስልክ ሌባ እጅ ቢገባስ?

ለክፍያ የወሩ ድምር ይበቃል ባይ ነኝ። ኔዘርላንድስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የላይኛው ምክር ቤት ዘመናዊ ቆጣሪ ግዴታ እንዳይሆን ያገደው በዚሁ ስጋት ነበር። በእኛም አገር የግል ሕይወትን የሚያስከብረው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 አለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል።

የሕግ ሰዎች፣ አዋጁ ግለሰብ አከራይን ይመለከታል? የኤሌክትሪክ ባለሙያዎችስ፣ ቆጣሪው በወር አንዴ ድምሩን ብቻ እንዲልክ ማስተካከል ይቻላል? ሰውየው ክፉ አይደሉም፣ እንደ አባት ነው የማያቸው፤ ሳላስቀይማቸው እንዴት ልንገራቸው? ውላችን የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነው፤ እባካችሁ ከዚያ በፊት መልሱልኝ።