ከመቶ 92ቱ የሚደግፈው ሕግ ለምን አይወጣም? ጥፋቱ የሴኔቱ፣ የሕዝቡ ወይስ የዜናው?

አወያይ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

የዛሬው መነሻችን ይህ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ጠብመንጃ ወይም ሽጉጥ የሚገዛ ሰው የኋላ ታሪኩ እንዲጣራ የሚያስገድደው ሻጩ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሲሆን ነው። ከግለሰብ የሚገዛ ሰው በብዙ ክፍለ ግዛቶች ማንም ሳይጠይቀው ይዞ ይሄዳል። የሕዝብ አስተያየት የሚለካው ጋሉፕ በጁን 2022 ማጣራቱ ለሁሉም ሽያጭ ይሁን ወይ ብሎ ሲጠይቅ 92 ከመቶው ይሁን ብሏል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጻፍ)። በዚህ በተከፋፈለ አገር እንዲህ ያለ ስምምነት በጥቂት ነገር ላይ ብቻ ነው የሚገኘው።

ሆኖም በዲሴምበር 2012 በኮኔቲከት፣ ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ውስጥ 20 ሕፃናትና 6 ዐዋቂዎች ተገድለው አራት ወር ሲሆን፣ ዴሞክራቱ ጆ ማንቺንና ሪፐብሊካኑ ፓት ቱሚ ያቀረቡት የማጣራት ረቂቅ በሴኔቱ ወደቀ። 54 ድምፅ አገኘ፤ የሚያስፈልገው 60 ነበር።

የተለመደው መልስ ሴኔቱ ኤን አር ኤ በሚባለው የጠብመንጃ ባለቤቶች ማኅበር ገንዘብ ተገዝቷል የሚል ነው። እኔ ግን በሌላ ነገር ላይ እንድንከራከር እፈልጋለሁ። በ2016 ይኸው ጥያቄ በሜይን ግዛት በቀጥታ ለሕዝብ ውሳኔ ቀርቦ ነበር። በመካከል የገባ ሴናተር አልነበረም። 52 ከመቶ ገደማው እምቢ አለ። ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ግን 90 ከመቶ የሚለውን ቁጥር ያለ አንዳች ማብራሪያ እስከ ዛሬ ይደጋግሙታል። የሜይን ገጠር ነዋሪ ጎረቤቶቹን ያውቃል፤ የሚነገረው ቁጥር ከሚያውቀው ጋር አልገጥም ሲለው ጋዜጣውን ውሸታም ይለዋል። በዚህ ጉዳይ ዜናው አመኔታ ያጣው በግማሽ እውነት ነው ባይ ነኝ። ተቃወሙኝ።

የሕግ ባለሙያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እቃወማለሁ። አንድ የሜይን ውጤት ይዘህ ሴኔቱን ነጻ ልታወጣው አትችልም፣ ወንድሜ። 54 ለ46 ማለት አብዛኛው ሴናተር ደግፎታል ማለት ነው። ረቂቁን የጣለው ክርክር ለመዝጋት 60 ድምፅ የሚጠይቀው የሴኔቱ የራሱ ደንብ ነው፤ ይህ ደንብ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አልተጻፈም። በዚያ ላይ ወደ 39 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ካሊፎርኒያም፣ 600,000 የማይሞላ ሕዝብ ያላት ዋዮሚንግም እኩል ሁለት ሁለት ሴናተር ይልካሉ።

ሕዝብ እንደራሴውን ሲለውጥ ሕጉም እንደሚለወጥ የምትኖርበት ግዛት ምስክር ነው። በ2007 በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰዎች ተገደሉ፤ የግለሰብ ሽያጭ ክፍተቱ ግን ከዚያ በኋላም ዓመታት ሳይዘጋ ቆየ። በኖቬምበር 2019 የግዛቱ ሁለቱም ምክር ቤቶች በዴሞክራቶች እጅ ገቡ። በጃንዋሪ 2020 ከ20,000 በላይ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ጠብመንጃ አንግተው፣ ሪችመንድ ላይ ተቃውሞ ወጡ። ሕጉ ግን ጸድቆ በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ሥራ ላይ ዋለ። ስለዚህ የሕዝቡ ፍላጎት አለ፤ የጎደለው ፍላጎቱ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ይህን ትቶ በጋዜጠኛው ላይ መዝመት በዳዩን መሸፈን ነው።

የሱቅ ባለቤት፣ ከአትላንታ፣ ጆርጂያ

ሽጉጥ አለኝ። ሱቄ ተዘርፎ አፈ ሙዝ ግንባሬ ላይ ከተደገነብኝ በኋላ የገዛሁት ነው፤ ተጣርቼ፣ ፈርሜ፣ በሕግ። ማጣራቱን እደግፋለሁና ከ92ቱ ቁጠሩኝ። ያም ሆኖ ረቂቁ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ቢመጣልኝ እምቢ ልል እችላለሁ፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝ ጋዜጠኛ ግን የለም። መዝገቡ የት ይቀመጣል? ለወንድሜ ለጥቂት ቀን ባውሰው ወንጀለኛ እሆናለሁ? የሜይን አዳኞችም የተከራከሩት በዚሁ ነበር፤ ለጓደኛ ጠብመንጃ ማዋስ ምን ይባላል በሚለው። ዜናው ይህን ሁሉ ትቶ እምቢ ያለውን ሰው ልበ ደንዳና አድርጎ አቀረበው።

በፌብሩዋሪ 2018 በፍሎሪዳ፣ ፓርክላንድ 17 ሰዎች ሲገደሉ፣ ከጃንዋሪ 1 ወዲህ 18ኛው የትምህርት ቤት ተኩስ ነው የሚል ቁጥር በሰዓታት ውስጥ አገሩን አዳረሰ። ምንጩ ለመሳሪያ ቁጥጥር የሚታገል ድርጅት ነበር። ሲፈተሽ፣ ከተዘጋ ወራት ባለፉት ትምህርት ቤት መኪና ማቆሚያ ራሱን ያጠፋ ሰው ሳይቀር ተቆጥሮበታል። የ17 ሰዎች ሞት ብቻውን አይበቃም ነበር? ማጋነን ለምን አስፈለገ? ደግሞም በአንድ ስበት አንድ ጥይት የሚተኩሰውን መሳሪያ ከአውቶማቲክ መለየት ያቃተው ዘጋቢ ስለ ደኅንነት ሊያስተምረኝ አይችልም። አውቶማቲክ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው፤ ከ1986 ወዲህ የተመረተውም ለሲቪል ሰው አይሸጥም።

ነርስ፣ ከባልቲሞር፣ ሜሪላንድ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር እንኳን አተረፈዎት። እኔን የሚያቃጥለኝ ግን ዜናው የሚተወው ነገር ነው። በ2023 በአሜሪካ 46,728 ሰዎች በጦር መሳሪያ ሞቱ። ከእነዚህ ውስጥ 27,300ዎቹ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ! ተገደሉ የተባሉት ወደ 18,000 ናቸው፤ አብዛኞቹም የተገደሉት ካሜራ በማይደርስበት መንገድ ላይና በቤት ውስጥ፣ በሽጉጥ ነው። በትምህርት ቤትና በገበያ አዳራሽ የሚፈጸመው ጅምላ ግድያ ከጠቅላላው እጅግ ትንሹ ክፍል ነው። የዜናው ሰዓት ግን ከሞላ ጎደል ለእርሱ ተሰጥቷል።

ድንገተኛ ክፍል ስለምሠራ አየዋለሁ። መድኃኒት የዋጠ ሰው ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ በሽጉጥ የሞከረ ግን አብዛኛውን ጊዜ እኛ ዘንድም አይደርስም። የጭንቀቱ ሰዓት የሚያልፍ ነበር፤ መሳሪያው ቅርብ ስለሆነ ብቻ ሳያልፍ ቀረ። በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ለቅሶ ቤት ስንሄድ «ድንገት ታሞ ነው» እንባባላለን። ሽጉጥ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ጥይቱ ለብቻው ይሁን፣ የከፋው ሰው ባለበት ቤት ለጊዜው ወደ ሌላ ቦታ ይውጣ የሚለውን ምክር ከአማርኛ ሬዲዮዎቻችን ስንቱ አስተላልፎታል? ክርክሩ ሁሉ ስለ ሴኔት ነው። በሴኔት የማይወሰን፣ ዛሬ ማታ ቤታችን ገብተን ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ እኮ።

ጋዜጠኛውን ብቻ እንዳልወቅስ የሚያደርገኝም ነገር አለ። በ1996 ኮንግረሱ የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ገንዘብ የመሳሪያ ቁጥጥርን ለማበረታታት እንዳይውል ከለከለ። ማዕከሉም ፈርቶ ጥናቱን ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ተወው ማለት ይቻላል። ለዚህ ምርምር ተለይቶ 25 ሚሊዮን ዶላር የተፈቀደው በ2019 መጨረሻ ነው።

የስታቲስቲክስ መምህር፣ ከሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ

92 ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ የሚለካው ግን አንድን ጠባብ ጥያቄ ነው። ጋሉፕ በዚያው ወር ስለ መሳሪያ ሽያጭ ሕግ በጥቅሉ ሲጠይቅ ይጥበቅ ያለው 66 ከመቶ ነበር፤ በ2024 ወደ 56 ወረደ። ለሲቪል ሰው ሽጉጥ ይከልከል ወይ ሲባል ደግሞ በ1959 60 ከመቶው አዎ ያለ ሲሆን ዛሬ አዎ የሚለው 20 ከመቶ አካባቢ ነው። አንድ ዜና ከእነዚህ ውስጥ የሚፈልገውን መርጦ «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» ቢል፣ ቁጥሩ እውነት ሆኖ ሥዕሉ ሐሰት ይሆናል።

ጥናቱ የማያሳየን ሌላው ነገር የስሜት ክብደት ነው። ማጣራቱን የሚደግፈው ሰው በስልክ አዎ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የሚቃወመው ለሴናተሩ ይደውላል፣ በዚህ ጉዳይ ብቻ ድምፁን ይሰጣል። የማንቺንና የቱሚን ረቂቅ ከተቃወሙት አንዷ የሰሜን ዳኮታዋ ዴሞክራት ሃይዲ ሃይትካምፕ ወደ ቢሮዋ የሚደወለው ስልክ በብዛት የተቃዋሚ እንደነበር ተናግራለች። እህቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ መንገዱ ተዘግቷል ላልሽው፣ ይህም የመንገዱ አካል ነው።

ለጋዜጠኞች ግን አንድ ነገር ልመስክር። የትምህርት ሚኒስቴሩ በ2015/16 የትምህርት ዘመን ወደ 240 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ተኩስ እንደ ደረሰባቸው ሪፖርት ማድረጋቸውን አስታወቀ። የአሜሪካ የሕዝብ ሬዲዮ የኤን ፒ አር ዘጋቢዎች ወደ ትምህርት ቤቶቹ ደውለው ሲያጣሩ ማረጋገጥ የቻሉት 11 ብቻ ነበር። ቁጥሩ ለቁጥጥር ደጋፊዎች የሚመች ነበር፤ ሆኖም አጣሩት፣ አወጡትም።

የታክሲ ሹፌር፣ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

በዚህ ከተማ በ2012 ሲኒማ ቤት ውስጥ 12 ሰዎች ሲገደሉ እዚሁ ነበርሁ፤ ስለዚህ በሩቅ አልናገርም። የኔ ጥያቄ ዜናን ስለማያምነው ወገኔ ነው።

እኛ ያደግነው የመንግሥት ሬዲዮ ያልተናገረውን ከጎረቤት እየጠየቅን ነው። ያ ልማድ በአገር ቤት አስፈላጊ ነበር። እዚህ ይዘነው ስንመጣ ግን ሁሉም ይዋሻል ወደሚል ደረስንና ማንነቱ የማይታወቅ ዩቲዩበር እናምናለን። የሴራ ወሬ የሚያሰራጨው አሌክስ ጆንስ የሳንዲ ሁክ ሕፃናት አልሞቱም፣ ወላጆቹም ተዋንያን ናቸው ብሎ ለዓመታት ሲያወራ የሰሙት ሰዎች ልጆቻቸውን የቀበሩትን ወላጆች ሲያስፈራሩና ሲያሳድዱ ኖሩ። በ2022 የኮኔቲከት ዳኞች 965 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱበት፤ ለወላጆቹ የተመለሰ ሰላም ግን የለም። ጋሉፕ በ1976 ሲጠይቅ 72 ከመቶ አሜሪካዊ ዜናን አምን ነበር አለ፤ በ2025 የሚያምነው 28 ከመቶ ነው። ከሪፐብሊካኖች የሚያምነው ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም።

ባለሥልጣን የተናገረውን ተቀብሎ መድገምም ጥፋት ነው። በሜይ 2022 በቴክሳስ፣ ዩቫልዲ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ሲገደሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሰማነው ፖሊሶች ፈጥነው ደርሰው በጀግንነት ተጋፈጡ የሚል ነበር። ኋላ እንደ ታወቀው 376 የሕግ አስከባሪዎች ቦታው ደርሰው ገዳዩ የተገደለው ከ77 ደቂቃ በኋላ ነው። ልጆቹ ከውስጥ ስልክ እየደወሉ! ያን ያጋለጡት ወላጆችና የአካባቢው ጋዜጠኞች ናቸው። ዘጋቢ «ፖሊስ እንዳለው» ብሎ መጻፉ ከኃላፊነት ነጻ አያደርገውም።

የቤት ሽያጭ ወኪል፣ ከሲያትል፣ ዋሽንግተን

ሜይን ብቻ አትጥቀሱ። በእኛ ግዛት በ2014 ይኸው ሕግ በሕዝበ ውሳኔ 59 ከመቶ አግኝቶ አልፏል። ኔቫዳ ደግሞ በ2016 ከ10,000 በማይሞላ ድምፅ ብልጫ አጽድቃው፣ አጣሪው የፌዴራል ይሁን የግዛቱ በሚል ጭቅጭቅ ሳይፈጸም ቆየ፤ ምክር ቤቱ በ2019 እንደገና ካወጣው በኋላ ነው የተተገበረው። አንድ ግዛት 59፣ አንዱ 50 ከምናምን፣ አንዱ 48። ከ92 ጋር የሚቀራረብ የለም፤ ግን ሁለቱ አሸንፈዋል።

የሕግ ባለሙያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ይህ ለኔ ክርክር የሚጠቅም ነው። በሦስቱ ላይ ካሊፎርኒያን ጨምሩበት፤ እዚያ በ2016 የጥይት ሽያጭ እንዲጣራ የሚያደርግ ሕግ 63 ከመቶ አግኝቷል። ጋሼ፣ የማዋስ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የሕጉ አንቀጽ ውስጥ ይጻፋል፣ ሕጉን ለመጣል ምክንያት አይሆንም።

የሱቅ ባለቤት፣ ከአትላንታ

አንቀጹን አሳይተሽኝ ከሆነ ነዋ፣ ልጄ። ነርሷ የጻፈችውን ለልጆቼ አነበብሁላቸው፤ የሽጉጤ ሳጥን ቁልፍ የት እንደሚቀመጥም ለባለቤቴ ነገርኋት። እርሷ የተናገረችውን ያህል የሚናገር ዜና አላየሁም።

አወያይ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ሜይን በ2016 አልቆመችም። ኦክቶበር 25 ቀን 2023 በሉዊስተን ከተማ በቦውሊንግ አዳራሽና በአንድ መጠጥ ቤት 18 ሰዎች ተገደሉ። ገዳዩ የጦር ኃይሉ ተጠባባቂ ነበር፤ ቤተሰቡም ጓዶቹም ከወራት በፊት አደጋውን አመልክተው ነበር። ግዛቱ ያቋቋመው ገለልተኛ ኮሚሽን የአካባቢው የሸሪፍ ጽሕፈት ቤት መሳሪያዎቹን ለመውሰድ በቂ ምክንያት እንደነበረው በ2024 አረጋገጠ። የሜይን ጋዜጠኞችም ማን ለማን መቼ እንዳስጠነቀቀ ቀን በቀን ተከታትለው ጻፉት። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ በማስታወቂያ ለሚሸጡ መሳሪያዎች ማጣራትን፣ ለገዢ ደግሞ የ72 ሰዓት ቆይታን ደነገገ። በኖቬምበር 2025 ቤተሰብ በቀጥታ ለፍርድ ቤት አመልክቶ የአደገኛን ሰው መሳሪያ ማስወሰድ እንዲችል የሚፈቅድ ሕግ ለሕዝቡ ቀረበ። የግዛቱ አስተዳዳሪ ጃኔት ሚልስ፣ ዴሞክራት ሆና ሳለች፣ ተቃወመችው። ሕዝቡ ግን አጸደቀው። በ2016 እምቢ ያለው ያው ሕዝብ ነው። አሳቡን ያስለወጠው 92 የሚለው ቁጥር አይደለም፤ በዝርዝር የተነገረው እውነት ነው እላለሁ።

የሱቅ ባለቤት፣ ከአትላንታ

እኔ ሜይን ብኖር ያን እቃወም ነበር። ወንጀል ያልሠራ ሰው ንብረት በዘመድ ክስ ይወሰዳል፤ የተጣሉ ወንድማማቾች ምን እንደሚያደርጉበት አውቃለሁ። ክሱን የሰማው ዳኛ በስንት ቀን ውስጥ ተከሳሹን እንደሚያቀርብ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ። የሉዊስተንን የኮሚሽን ዘገባ ግን ላኩልኝ፣ አነበዋለሁ።