«አሻቀበ» ለማንኛውም ጭማሪ ይባላልን?

አወያይ፦ ሰሞኑን የሽንኩርት ዋጋ በኪሎ ጥቂት ብር ሲጨምር እዚህ የአዳማ ነዋሪዎች ቡድን ላይ «ዋጋው አሻቀበ» ተብሎ መጻፉ ቅሬታ አስነሥቷል። ቃሉ ይገባ ነበርን?

ነጋዴዋ፦ አይገባም ባይ ነኝ። ከመቂ የሚመጣልን ሽንኩርት አቅርቦቱ ሲሳሳ ይጨምራል፣ ምርቱ ሲደርስ ይወርዳል። «አሻቀበ» የሚለውን ያነበበ ሸማች ግን ዋጋው አቀበቱን እንደተያያዘ ስለሚቆጥር የወሩን ፍጆታ በአንድ ቀን ገዝቶ እጥረቱን ራሱ ይፈጥረዋል።

የአማርኛ መምህሩ፦ እህቴ፣ ስለ ሸማቹ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ስለ ቃሉ ግን አልስማማም። «ሽቅብ» አቅጣጫን እንጂ መጠንን አይናገርም። «ሽቅብ ቢተፉ ተመልሶ ባፉ» በሚለው ተረት የወጣው ወዲያው ይመለሳል፤ «አሻቅቦ አየ» ማለትም ቀና ብሎ ተመለከተ ከማለት አያልፍም። እየቀጠለ የሚሄድ የሚያስመስለው ከጥንዱ ከ«አሽቆለቆለ» የተጋባበት ስሜት ይመስለኛል።

ጡረተኛው የሒሳብ ባለሙያ፦ እኔን የሚያሳስበኝ የጭማሪው መጠን ሳይሆን የአድራጊው መሰወር ነው። «ዋጋ ጨመረ» ሲባል «ማን ጨመረው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ «ነጋዴው ዋጋ ጨመረ» ማለትም ያስኬዳል፤ «ናረ» እንኳ «አናረ» የሚል አድራጊ ያለው ጓደኛ አለው፤ «ነጋዴው ዋጋ አሻቀበ» ብሎ የሚናገር ሰው ግን ብዙም አይገጥመኝም። ዋጋው በራሱ እግር ዳገት የወጣ ይመስላል። «ግሽበት አሽቆለቆለ» የሚለው ዜና ደግሞ በሌላ መንገድ ያሳስታል፦ ግሽበቱ ከ20 በመቶ ወደ 15 በመቶ ቢወርድ፣ 100 ብር የነበረው በዓመቱ 115 ብር ይገባል እንጂ አይረክስም።

የአማርኛ መምህሩ፦ «የነዳጅ ጭማሪው ዋጋውን አሻቀበው» የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ ቋንቋችንም ይህን የሚከለክል ሕግ የለውም። እርግጥ ነው፣ እዚያም አድራጊው ነዳጁ እንጂ ሰው አይደለም።

አወያይ፦ እንግዲያው በዚህ ቡድን «ጨመረ» ተብሎ የቀድሞውና የአሁኑ ዋጋ ጎን ለጎን ይጻፍ እላለሁ።

ነጋዴዋ፦ «ማን ጨመረው?» ከተባለ ጣት የሚቀሰረው ወደ እኛ ስለሆነ፣ የማሳው ዋጋ፣ የጭነቱና የደላላው ክፍያ ለየብቻ ይጻፍልኝ።

ጡረተኛው የሒሳብ ባለሙያ፦ የእርስዎም ትርፍ ከተጨመረበት እስማማለሁ።