ባለ ሁለት ሞተር ወይስ ባለ አራት? ለደሴ፣ ኮምቦልቻና ወረኢሉ መንገድ የሚሆን የኤሌክትሪክ ፒካፕ

የጦሳ ጥግ፦
ሰላም ጀመዓ። ምርጫው ሁለት ያገለገሉ ሪቪያን (የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መኪና) ፒካፖች ላይ ደርሷል። አንዱ ባለ ሁለት ሞተር፣ 533 ፈረስ ጉልበት፤ ሌላው የ2022 ባለ አራት ሞተር፣ 835። ባትሪያቸው እኩል 135 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሥራው ደሴ–ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ፣ አልፎ አልፎም ወረኢሉና ጃማ፣ 600 ኪሎ ጭነት ይዞ። ባለ ሁለቱ የኮምቦልቻ–ደሴውን የሐረጎ ዳገት በጭነት ይወጣል? ክረምት ላይስ አራቱ ሞተር ለውጥ አለው?

ሽቅብ፦
አብሽር፣ ጉልበት አያሳስብህ። መኪናው ከነጭነቱ 4 ቶን ቢሞላ፣ 8 በመቶ ዳገት በ50 ኪ.ሜ. ፍጥነት ለመውጣት የሚበቃው 50 ኪሎዋት ግድም ነው፤ 70 ፈረስ ጉልበት ማለት ነው። ከፍታውም እንደ ናፍጣ ሞተር ትንፋሽ አያሳጥረውም።

ሂሳቡ ባትሪው ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ ከፍታው 600 ሜትር ያህል ይጨምራል። በጭነት ሽቅብ ከ11 እስከ 12 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ቁልቁል ደግሞ 2 ያህል ቢመልስ ነው፣ ቀሪው በጎማና በነፋስ ያልቃል። የሚመለሰውን ኃይል የሚገድበው ባትሪው እንጂ የሞተር ብዛት አይደለም። ደሴ ላይ 100 በመቶ ሞልተህ ከወረድክ ባትሪው መቀበያ ያጣና ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። 90 ላይ አቁመው።

ዲፍረንሻል፦
ልዩነቱ ጉልበቱ ሳይሆን ጉልበቱ ጎማ ጋ የሚደርስበት መንገድ ነው። ባለ ሁለቱ ፊት አንድ፣ ኋላ አንድ ሞተር አለው፤ እያንዳንዱ በክፍት (በማይቆለፍ) ዲፍረንሻል ለግራና ለቀኝ ጎማ ያካፍላል። አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ በከንቱ ሲዞር፣ ኮምፒዩተሩ እሱን በፍሬን ይዞ ነው ሌላውን የሚያስጎትተው። ትር ትር ሲል ትሰማዋለህ፤ ሲደጋገም ፍሬኑ ይግላል። ባለ አራቱ ዲፍረንሻል የለውም። ለየጎማው የራሱ ሞተርና ማርሽ ስላለው የሚንሸራተተውን ብቻ በቅጽበት ይቀንሳል።

ግን ሰው የሚረሳው አለ። ሦስት ጎማ ተንሸራትቶ አንዱ ብቻ መሬት ቢይዝ፣ ባለ አራቱ ለዚያ ጎማ ያለው የአንድ ሞተር ጉልበት ብቻ ነው፤ የሦስቱ አይሻገርለትም። ዲፍረንሻሉ የሚቆለፍ መኪና ግን የፊቱን ወይም የኋላውን ሙሉ ጉልበት ለአንድ ጎማ ይሰጣል። መርሴዲስ ባለ አራት ሞተሩ ጂ 580 ላይ ለየጎማው ባለ ሁለት ፍጥነት ማርሽ አለው፤ እንዲህ ላለው ቦታ ዝቅተኛው ማርሽ ነው የሚያወጣው። ሪቪያኑ ይህ የለውም።

ሁለቱም ላይ ዳገት መሃል በማፍጠኛው ፔዳል ይዘህ አታቁም። ሞተሩ ሳይዞር ሲገፋ ጅረቱ ከሞተሩ ሦስት ፌዞች (የሽቦ መስመሮች) አንዱ ላይ ይጠራቀማል፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚቀይረው ክፍል) ይግልና ራሱን ለማዳን ጉልበት ይቀንስብሃል። ፍሬን ረግጠህ ያዝ።

መረሬ፦
የጃማና የወረኢሉ ጥቁር አፈር ከረጠበ ሞተር ብትደረድር ዋጋ የለውም። የጎማውን ጥርስ በአንድ ዙር ይደፍነዋል፣ 3 ቶን ያለፈ መኪና ደግሞ ይሰጥማል። ገንዘብህን ባለ ጥርስ 275/65 ባለ 20 ጎማ ላይ አውለው። ጭቃው ላይ ነፋሱን ከ48 ወደ 30 ፒኤስአይ አውርድ፤ አስፋልት ሳትወጣ መልሰህ ንፋ።

ኃይል በሚቆጥበው የአነዳድ ምርጫ የፊት ጎማዎች ብቻ ስለሚጎትቱ ቶሎ ያልቃሉ። በየ8 ሺህ ኪ.ሜ. ከኋላው ጋር አቀያይራቸው። ጥገናውን ደግሞ አስብ፤ ባለ አራቱ ላይ ከፊትም ከኋላም ሁለቱ ሞተሮች በአንድ ሳጥን ነው የታሰሩት፣ አንዱ ቢበላሽ ሁለቱም ይወርዳሉ። ለእኔ ባለ ሁለቱ ይሻላል።

ቆጣሪ፦
ከሞተሩ በፊት ቻርጁን አጣራ። በቤት ባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልት 32 አምፔር ብትስብ 7 ኪሎዋት ነው፤ ከ10 ወደ 90 በመቶ 17 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በ16 አምፔር እጥፍ። የአሜሪካ መኪና ስለሆነ ሦስት ፌዝ ብታስገባም ከአንዱ ብቻ ነው የሚወስደው። የቻይናው ፈጣን ቻርጀር ሶኬትም አይገጥመውም፤ አዳፕተሩን በእጅህ ሳትይዝ አትግዛ። ባለ 6 ካሬ የመዳብ ሽቦና 40 አምፔር ብሬከር ለብቻው አስዘርጋ።

የጦሳ ጥግ፦
ጀዛኩሙላህ። ቤቱ ኤርዝ (የመሬት መስመር) የለውም፤ ያለሱ ይሠራል?

ቆጣሪ፦
ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። የመዳብ ዘንግ እርጥበት ባለበት መሬት አስተክል፤ ከ10 ኦም በታች እስኪሆን አስለካ፣ ካልወረደ ሁለተኛ ዘንግ ጨምር። አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን ሶኬቱ ላይ ኒውትራሉን (የኃይሉን መመለሻ ሽቦ) ከኤርዙ ጋር በሽቦ አገናኝቶ ቻርጀሩን ያታልላል። እሺ እንዳትለው። ኒውትራሉ ፖል ላይ ቢበጠስ የመኪናው አካል 220 ቮልት ይይዛል፤ ዝናብ ላይ ቆሞ በሩን የነካ ይመታል።