ክርክር፦ የመስኖ ብድር ለፀሐይ ፓምፕ ብቻ ይሰጥ?

ጥያቄው በዝዋይና በመቂ ዙሪያ ከእጅ ጉድጓድ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎችን ይመለከታል። የነዳጅ ሞተር መግዣ ብድር ይቁም ወይስ ይቀጥል?

የፀሐይ ፓምፕ ተካዩ፦ ይቁም። ሒሳቡ ግልጽ ነው። አንድ ሄክታር ሽንኩርት በበጋ በቀን 60 ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይፈልጋል። ያን ከ12 ሜትር ለማውጣት ውሃው ራሱ የሚጠይቀው ጉልበት 2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የፓምፑ ብቃት ግማሽ ባይሞላ እንኳ 4.5 ይበቃል። ሙቀትና አቧራ የሚቀንሱት ታስቦ ባለ 400 ዋት 3 ፓነል ይሸፍነዋል። ከዚያ በኋላ ነዳጅ የለ፣ ዘይት የለ።

የመስኖ ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ 60ው ሰብሉ የሚጠጣው ነው። በአፈር ቦይ ሲለቀቅ ግማሽ ያህሉ እየሰረገ ይቀራል፤ ስለዚህ የሚወጣው 120፣ ፓነሉም 6 ይሆናል። ጠብታ መስኖ ይዘርጋ ካልክ ቱቦና ማጣሪያ በብድሩ ላይ ደምር። ሞተር ደግሞ በጋሪ ከማሳ ማሳ ይዞራል፣ ይከራያል። ፓነል አንዴ ከተተከለ ጥበቃ ይፈልጋል።

ተካዩ፦ የቦዩን ነገር እቀበላለሁ። ግን አካባቢው ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ከላይ የተቀመጠ ሞተር ፓምፕ በተግባር ከ6 ሜትር ብዙም ያለፈ ጥልቀት አይስብም። ስለዚህ ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ ያወርዱታል። ጭሱ እዚያው ይታቆራል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሞተር ሊያጠፋ የወረደ ሰው ሕይወቱን ያጣል። ይህንስ በየትኛው ሒሳብ ታስገባዋለህ? የፀሐይ ፓምፕ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል፣ ሰው መውረድ አያስፈልገውም።

የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ፦ ሁለታችሁም ጉድጓዱን ረሳችሁት። ነዳጅ ብር ስለሚበላ ገበሬው ማሳው ሲጠጣ ሞተሩን ያጠፋል። ፀሐይ ግን በነጻ ናት፤ ፓምፑ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራል፣ የጎረቤት ጉድጓድም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ብድሩ ከመፈቀዱ በፊት ጉድጓዱ ይፈተን፤ ከክረምት ማግስት ሳይሆን የካቲት ወይም መጋቢት ላይ። የውሃውን ከፍታ ለኩ፣ በታሰበው መጠን ቀኑን ሙሉ አውጡ፣ በማግስቱ ጠዋት እንደገና ለኩ። ካልተመለሰ ፓምፑ ይነስ፤ ማሳው ሰፊ ነው ተብሎ ፓነል አይጨመር።

የመስኖ ባለሙያ፦ በዚህ ከሆነ እስማማለሁ፤ የውሃ ቆጣሪም ግዴታ ይሁን። ጉድጓዱ ፈተናውን ላላለፈ ገበሬ ግን የሞተር ብድርም መከልከል አለበት።

ተካዩ፦ ይሁን። ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያቆም የደረቅ ጉድጓድ መቆጣጠሪያም ይጨመር፤ ሴንሰሩ ከፓምፑ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰር። ፓምፑ በቆመ ቁጥር የሴንሰሩን ሽቦ በጥሰው በቀጥታ የሚያገናኙ አሉ፣ ያኔ ፓምፑ ያለ ውሃ ዞሮ ይቃጠላል። ፓነሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይዘንበል፤ ጠፍጣፋ ከሆነ አቧራ ይተኛበታል። የፓፓያ ጥላ አንዱን ጥግ ብቻ ቢነካ እንኳ በተከታታይ የተያያዙት ሁሉ ይዳከማሉ።