ጥያቄ፦ የማጥመጃ እርሳስ ሳቀልጥ ለምን ይጨማደድብኛል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለዓሣ ማጥመጃ ክር ማጥለቂያ የሚሆን እርሳስ ቤት ውስጥ ማቅለጥ ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ቅርጽ ማውጫዬ አሉሚኒየም ነው። የሚወጣው ሁሉ ፊቱ እንደ ዘቢብ የተጨማደደ ነው። አንዳንዱ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ሚዛን ላይ ግን 60 ግራም መሆን ሲገባው 54 ይላል። ትናንት ደግሞ ከደጅ ያመጣሁትን ቁራጭ ስጨምር ድስቱ ጧ ብሎ ተረጨ። ደግነቱ ጓንቴ ላይ አረፈ። ምኑን ነው ያጠፋሁት?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ እንኳን ዓይንህን አላገኘህ! መጨማደዱ ይቆየን። ቁራጩ እርጥበት ነበረው። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጠብታ ውሃ ከሥሩ ከገባች ባንዴ እንፋሎት ሆና ከ1,600 እጥፍ በላይ ትሰፋለች፤ የቀለጠውን ይዛው ትወጣለች። ስለዚህ የቀለጠ እርሳስ ላይ አዲስ ቁራጭ አትጨምር። ድስቱ ሳይሞቅ አስገባውና አብሮ ይሙቅ። የፊት መከለያ፣ ረጅም እጅጌ፣ የቆዳ ጫማ አድርግ። በነጠላ ጫማ አይሞከርም።

መልስ 2፦
የሚጨማደደው ቅርጽ ማውጫው ስለሚቀዘቅዝ ነው። ሳይሞላ ይረጋል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ፍሬዎች መልሰህ አቅልጣቸው፤ ማውጫው በእነሱ ይሞቃል። ፊቱ ውርጭ የመታው መስሎ ከነጣ ደግሞ ከልክ በላይ ሞቋልና ትንሽ ታገስ። 54 ግራም የመጣው ውስጡ ባዶ ቦታ አለው። በመቁረጫ ለሁለት ክፈለውና እየው። ሳታቋርጥ አፍስስ፤ አፉ ላይም ትንሽ ትርፍ ተው። እርሳስ ሲረጋ ይኮማተራል፣ የጎደለውን ከትርፉ ይስባል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የምሠራው ወጥ ቤት ነው፣ መስኮት ከፍቼ። ይበቃል? የአሮጌ ባትሪ እርሳስስ ይሆናል?

መልስ 3፦
ኧረ በፍጹም! ደጅ ውጣ፣ ነፋሱን ከጀርባህ አድርግ። ድስቱም ዳግመኛ ምግብ አይሠራበትም። ከላይ የምትገፈው አመድ መሳይ ዝቃጭ ብናኝ አለው፤ እጅና ልብስ ላይ ተጣብቆ ቤት ይገባል። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፣ ትንሽ ነው ተብሎ የሚታለፍ መጠን የለውም። እጅህን በሳሙና ሳትታጠብ ምንም አትቅመስ። የሥራ ልብስህንም ለብቻው እጠብ። ባትሪውን ተወው፤ አሲድ አለው፣ ሲቀልጥም መርዛም ጋዝ ሊያወጣ ይችላል።

ጠያቂ፦
ዛሬ ደጅ ወጥቼ፣ ማውጫውን አሙቄ ሞከርኩ። ሰባተኛው ላይ ፊቱ ልስልስ ብሎ ወጣ። ሚዛኑም 60፣ 60፣ 59። ድስቱን ለይቼ ቀይ ቀለም ቀብቼበታለሁ።