መርከቡ በጠርሙሱ አፍ እንዴት ገባ?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ቤተሰብ። አጎቴ ነፍሱን ይማረውና ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበር። ከዚያ ያመጣው ጠርሙስ እናቴ ቤት ቁም ሳጥን ላይ አለ። ውስጡ ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ ነው፣ ገመዶቹ ሳይቀሩ። አፉ ግን አውራ ጣቴን እንኳ አያስገባም። ልጄ "ተቆርጦ ነው" ትላለች፤ ዞር ዞር አድርጌ አየሁት፣ ምንም ስፌት የለውም።

መልስ፦
አልተቆረጠም። የመርከቡ አካል ከጠርሙሱ አንገት ቀጥኖ ነው የሚጠረበው። ምሰሶዎቹ ግርጌያቸው ላይ ስለሚታጠፉ ወደ ኋላ ይተኛሉ። መጀመሪያ ባሕሩ ይገባል፣ ማለትም ሰማያዊ ቀለም ያለው ስቱኮ። ከዚያ መርከቡ በረጅም ሽቦ ተገፍቶ እሱ ላይ ይቀመጥና፣ ከጠርሙሱ ውጭ የቀረው ክር ቀስ ተደርጎ ሲሳብ ምሰሶዎቹ ከነሸራቸው ቀጥ ይላሉ። ክሩ በማጣበቂያ ይያዝና ትርፉ ይቆረጣል። እስቲ የፊቱን ሹል እንጨት በደንብ እየው።

ሌላ መልስ፦
አጎትህ ትልቅ ቅርስ ነው ያቆየላችሁ። በሸራ ዘመን አንድ ጉዞ ወራት ይፈጅ ነበር። መርከበኛው ተራው ሲያልቅ በእጁ ያለው ቢላዋ፣ ቁራጭ እንጨትና ክር ነው፤ ባዶ ጠርሙስ ደግሞ አይጠፋም። የሚሠራውም ብዙ ጊዜ የራሱን መርከብ ነው። እስካሁን ከተረፉት ጥንታዊው እ.ኤ.አ. በ1784 የተሠራ ሲሆን ጀርመን፣ ሉቤክ ይገኛል።

ጠያቂ፦
አየሁት! ጫፉ ላይ የተቆረጠች ክር አለች፣ ከነማጣበቂያዋ። እናቴ አለቀሰች። ብርሌ ላይ ልሞክረው ነው፣ አንገቱ ይበቃ ይሆን?